መዝገቡ በአደባባይ ሲነበብ፦ የራጃስታን የሠራተኞችና የገበሬዎች ንቅናቄ እና የመንግሥት ተጠያቂነት

መግቢያ

በሰሜን ምዕራብ ሕንድ በምትገኘው በራጃስታን ክፍለ ግዛት የድርቅ ዓመት በመጣ ቁጥር መንግሥት ለገጠሩ ሕዝብ የቀን ሥራ ይከፍታል። ኩሬ ይቆፈራል፣ መንገድ ይጠረጋል፣ አነስተኛ ግድብ ይሠራል። አሠራሩ በኢትዮጵያ «ምግብ ለሥራ» ይባል ከነበረው ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። በ1980ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚህ ሥራ ላይ የተሰማሩ ሰዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ ሙሉ ቀን ሠርተው ሕጉ ከደነገገው ያነሰ ገንዘብ ይሰጣቸው ነበር። ለምን ብለው ሲጠይቁ የተሠራው ሥራ ተለክቶ በመዝገብ መስፈሩ፣ በመዝገቡም መሠረት ሥራቸው ጎዶሎ መሆኑ ይነገራቸዋል። መዝገቡን እንይ ሲሉ ግን የመንግሥት ሰነድ ምስጢር እንደሆነና ለማንም እንደማይሰጥ ይመለስላቸዋል።

ከዚህ የቀን ክፍያ ክርክር የተነሣው ንቅናቄ ከ20 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሕንድን የመረጃ ማግኘት መብት ሕግ ካስገኙት ኃይሎች አንዱ ለመሆን በቅቷል። ንቅናቄውን የመሩትና የተሸከሙት ሰዎች በአብዛኛው ማንበብና መጻፍ የማይችሉ የቀን ሠራተኞችና አነስተኛ ገበሬዎች ነበሩ። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ጥያቄም ከዚህ የሚመነጭ ነው፦ ገንዘብም ሆነ የፖለቲካ ፓርቲ የሌላቸው ሰዎች መንግሥትን ሂሳብ እንዲያቀርብ ለማስገደድ የቻሉት በምን መንገድ ነው? ጽሑፉ የሚከራከርለት ሐሳብ የንቅናቄው ዋና ኃይል የሰልፉ ብዛት ሳይሆን፣ ተዘግቶ የኖረውን ሰነድ አውጥቶ እውነቱን በዓይኑ ባየው ሕዝብ ፊት ማስነበቡ ነበር የሚል ነው። ከዚሁ ጋር ተያይዞ፣ መብቱ በሕግ ከተደነገገ በኋላ ያጋጠመው ድክመት የንባቡን የጋራ ባሕርይ ከማጣት ጋር የተያያዘ መሆኑን ለማሳየት ይሞከራል።

የንቅናቄው መነሻ፦ ያልተሟላ የቀን ክፍያ

አሩና ሮይ በ1968 የሕንድን ከፍተኛ የአስተዳደር አገልግሎት ተቀላቅለው ለጥቂት ዓመታት ከሠሩ በኋላ ሥራቸውን በፈቃዳቸው ለቀው በራጃስታን ገጠር በልማት ሥራ ላይ ተሰማሩ። በ1987 ከኒኪል ዴይ እና ከሻንካር ሲንግ ጋር ሆነው ዴቭዱንግሪ በምትባል ትንሽ መንደር በአንድ የጭቃ ቤት መኖር ጀመሩ። አካባቢው ዝናብ አጠር፣ መሬቱም ድንጋያማ በመሆኑ፣ ብዙዎቹ ወንዶች ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ይሰደዳሉ። በመንደሩ የሚቀሩት ሴቶች በድርቅ ጊዜ የሚያገኙት ገቢ በመንግሥት ከሚከፈተው የቀን ሥራ የሚገኘው ነበር።

የዝቅተኛ ክፍያ ወለል ጉዳይ በሕግ ረገድ መልስ ያገኘ ይመስል ነበር። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1983 ሳንጂት ሮይ በራጃስታን ክፍለ ግዛት ላይ ባቀረቡት አቤቱታ በሰጠው ውሳኔ፣ በድርቅ ዕርዳታ ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው ከሕጋዊው ወለል ያነሰ ክፍያ ሊሰጠው እንደማይገባ፣ ይህን መጣስም በሕገ መንግሥቱ ከተከለከለው የግዴታ ሥራ ጋር እንደሚቆጠር አረጋግጧል። ይሁን እንጂ ውሳኔው በሥራው ቦታ የነበረውን ሁኔታ አልለወጠም። ክፍያው የሚወሰነው መሐንዲሱ ወይም ረዳቱ በሚመዘግበው ልኬት ስለነበረ፣ ባለሥልጣኑ ሕጉን ሳይክድ ሠራተኛውን መክሰስ ይችል ነበር። ሕጉ ሙሉ ክፍያ ይፈቅዳል፣ ሠራተኛው ግን ሙሉ ሥራ አልሠራም ይባላል። ለዚህም ማስረጃው መዝገቡ ነው፤ መዝገቡ ግን አይታይም።

የአካባቢው ሠራተኞች በዚህ ላይ ያደረጉት ውይይት ለንቅናቄው አቅጣጫ ወሳኝ ሆነ። የረሃብ አድማ ተደርጎ፣ አቤቱታ ቀርቦ፣ ባለሥልጣናትም ተለምነው ውጤቱ አነስተኛ ሆኖ ቀረ። ሠራተኞቹ የደረሱበት ድምዳሜ ሰነዶቹ እስካልወጡ ድረስ ባለመዝገቡ ሁልጊዜ እውነተኛ፣ እነርሱ ደግሞ ሁልጊዜ ውሸታም ሆነው እንደሚቀሩ ነበር። በመሆኑም የክፍያ ጥያቄ ወደ ሰነድ ጥያቄ ተሸጋገረ። መረጃ የማግኘት መብት በሌሎች አገሮች በብዛት የጋዜጠኞችና የምሁራን ጉዳይ ሆኖ ሲነሣ፣ በራጃስታን ከዕለት እንጀራ ጋር ተቆራኝቶ መነሣቱ የንቅናቄውን ልዩ ባሕርይ ያሳያል።

የማኅበሩ አወቃቀርና የበጎ ፈቃድ ባሕርይ

ሜይ 1 ቀን 1990 ቢም በምትባለው ከተማ በተደረገ ስብሰባ ማዝዱር ኪሳን ሻክቲ ሳንጋታን፣ ማለትም የሠራተኞችና የገበሬዎች ኃይል ማኅበር፣ ተመሠረተ። ማኅበሩ የፖለቲካ ፓርቲም፣ የሠራተኛ ማኅበር በተለመደው ትርጉሙም፣ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅትም አልነበረም። ከመንግሥትም ሆነ ከውጭ ለጋሾች ገንዘብ አልተቀበለም። ሙሉ ጊዜያቸውን ለማኅበሩ የሰጡት ጥቂት ሰዎች መንግሥት ለቀን ሠራተኛ በደነገገው ዝቅተኛ ክፍያ መጠን ይኖሩ ነበር። ከእነርሱ በቀር ያለው እንቅስቃሴ በሙሉ በመንደሩ ነዋሪዎች በጎ ፈቃድ የሚካሄድ ሲሆን፣ ሰልፍ ወይም የመቀመጥ አድማ ሲጠራ አባላቱ እህላቸውን ይዘው እየመጡ በየተራ ይሳተፉ ነበር።

ይህ አኗኗር ከሥነ ምግባር ምርጫነቱ ባሻገር ፖለቲካዊ ፋይዳ ነበረው። ከሌሎች ሂሳብ የሚጠይቅ አካል የራሱን ሂሳብ መደበቅ አይችልም። ማኅበሩ በቢም አነስተኛ ትርፍ የሚይዝ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ከፍቶ የዕቃውን ዋጋ ግልጽ አድርጎ ይሸጥ ነበር፤ የገቢና ወጪ ሂሳቡንም ለሕዝብ ያሳውቅ ነበር። ባለሥልጣናት «እናንተስ ገንዘባችሁን ከየት አመጣችሁት?» የሚል ጥያቄ ባነሡ ጊዜ መልሱ ዝግጁ ነበር።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር የቅስቀሳው ዘዴ ነው። ሻንካር ሲንግ በአሻንጉሊት ትርኢት፣ በዘፈንና በአደባባይ ተውኔት የተካኑ ስለነበሩ፣ የበጀትና የደረሰኝ ነገር ለአድማጩ በሚገባ ቋንቋና በቀልድ ይቀርብ ነበር። ፊደል ያልቆጠረ አባል የክፍያ ዝርዝር ምን እንደሆነ፣ የመንደሩ ምክር ቤት ገንዘቡን ከየት እንደሚያገኝ፣ የትኛው ፊርማ የማን እንደሆነ የተማረው በዚህ መንገድ ነው።

የሕዝብ ሸንጎ

ዲሴምበር 2 ቀን 1994 ኮት ኪራና በምትባል መንደር ማኅበሩ የመጀመሪያውን «ጃን ሱንዋይ» አካሄደ። ቃሉ የሕዝብ ችሎት ወይም ሸንጎ ማለት ነው። እስከ ኤፕሪል 1995 ድረስም በቢም፣ በቪጃይፑራ፣ በጃዋጃና በታና ተመሳሳይ ሸንጎዎች ተካሄዱ።

አሠራሩ ቀላል ነበር። በመጀመሪያ የመንደሩ የልማት ሥራ ሰነዶች፣ ማለትም የሠራተኞች የክፍያ መዝገብ፣ የዕቃ ግዥ ደረሰኝና የሥራ ማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት፣ በተገኘው መንገድ ይሰበሰባሉ። በዚያን ጊዜ ሰነድ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ሕግ ስላልነበረ ይህ በቀና ባለሥልጣን ፈቃደኝነት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ቀጥሎ የማኅበሩ አባላት ቤት ለቤት እየዞሩ በመዝገቡ ስማቸው የሰፈረውን ሰዎች ያነጋግራሉ። በመጨረሻም በመንደሩ ሜዳ ድንኳን ተተክሎ፣ ከውጭ የተጋበዙ ጠበቆች፣ ጋዜጠኞችና ምሁራን በታዛቢነት ተቀምጠው፣ መዝገቡ በድምፅ ማጉያ ይነበባል። የሚመለከታቸው ባለሥልጣናትና የተመረጡ የመንደር መሪዎችም ተገኝተው መልስ እንዲሰጡ ይጋበዛሉ።

በንባቡ ጊዜ የተገለጠው ነገር ሰፊ ነበር። የሞቱ ሰዎች ሠርተው ገንዘብ እንደተቀበሉ ተጽፏል። ወደ ሩቅ ከተማ የተሰደዱ ሰዎች በዚያው ወር ድንጋይ ሲሸከሙ እንደነበር ተመዝግቧል። በኮት ኪራና ለመንግሥት ጽሕፈት ቤት የሚሆን ቤት ተሠርቶ አልቋል ተብሎ ክፍያው የተፈጸመ ሲሆን፣ ቤቱ ግን ጣሪያ አልነበረውም። በቢም ሸንጎ በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ድርጅት ለመንደሩ ሥራዎች ዕቃ አቅራቢ ሆኖ ከፍተኛ ገንዘብ እንደተከፈለው ታወቀ።

በዚህ ላይ የሕዝብ ሸንጎ ከመደበኛው የመንግሥት ኦዲት የሚለይበትን ነጥብ ማስተዋል ያስፈልጋል። መደበኛው ኦዲተር ወረቀትን ከወረቀት ጋር ያመሳክራል። ደረሰኙ ማኅተም ካለው፣ የክፍያ መዝገቡም የጣት አሻራ ካረፈበት፣ ሂሳቡ ትክክል ነው። የመንደሩ ነዋሪ ግን ወረቀቱን የሚያመሳክረው ከመሬቱ ጋር ነው። ግድቡ ይኑር አይኑር፣ ድንጋዩ ከየት እንደተጓጓዘ፣ አሻራው የእርሱ ይሁን አይሁን ከእርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰነዱን የያዘው ወገን መሬቱን ላያይ ይችላል፤ መሬቱን የሚያውቀው ወገን ደግሞ ሰነዱን አያገኝም ነበር። ሸንጎው እነዚህን ሁለት ዕውቀቶች በአንድ ቦታ ያገናኘ መድረክ ነው።

ሸንጎው የፍርድ ቤት ሥልጣን ስላልነበረው ማንንም ሊቀጣ አይችልም ነበር። ሆኖም የባለሥልጣናቱ ምላሽ የሥጋታቸውን ልክ ያሳያል። በአንዳንድ ቦታዎች የመንደር የመንግሥት ጸሐፊዎች ሰነድ እንድንሰጥ መታዘዝ የለብንም በማለት አድማ መቱ። ክርክራቸውም በመንግሥት ኦዲተር መመርመርን እንቀበላለን፣ በሕዝብ መመርመርን ግን አንቀበልም የሚል ነበር። በሌላ በኩል በኋላ በ1998 በተካሄዱ ሸንጎዎች የመንደር ምክር ቤት ሊቃነ መናብርት በሕዝብ ፊት ጥፋታቸውን አምነው ገንዘብ ለመመለስ ቃል የገቡበት ሁኔታ ታይቷል። ተበዳዩም በዳዩም የሚተዋወቁበት፣ ብዙ ጊዜም የሚዛመዱበት መንደር ስለሆነ፣ በአደባባይ መዋረድ የራሱ ክብደት ነበረው። ይህ መተዋወቅ ግን ሁለት ገጽ ነበረው። ድሀው ምስክር በማግስቱም ከተከሰሰው ሰው ጋር በአንድ መንደር ይኖራል፤ የሚቀጥለውን የቀን ሥራም ከእርሱ እጅ ይጠብቃል። ስለዚህ በሸንጎው ፊት ቆሞ «ይህ አሻራ የእኔ አይደለም» ማለት ቀላል ድፍረት አልነበረም።

ማየትና መያዝ፦ የፎቶ ኮፒ ትግል

የሸንጎዎቹ ዜና በጋዜጦች ከተሠራጨ በኋላ የራጃስታን ዋና ሚኒስትር ባይሮን ሲንግ ሼካዋት ኤፕሪል 5 ቀን 1995 በክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት፣ ማንኛውም ዜጋ የአካባቢ ልማት ሥራ ሰነዶችን ተገቢውን ክፍያ ከፍሎ ኮፒ ሊያገኝ እንደሚችል አስታወቁ። ቃሉ ግን ወደ ትእዛዝ ሳይለወጥ አንድ ዓመት አለፈ። በመሆኑም ማኅበሩ ኤፕሪል 6 ቀን 1996 ቤያዋር በምትባል የንግድ ከተማ፣ ቻንግ በር በሚባለው አደባባይ፣ የመቀመጥ አድማ ጀመረ።

መንግሥቱ ወዲያውኑ አንድ ትእዛዝ አወጣ። ትእዛዙ ሰነዶችን መመልከትንና በእጅ ማስታወሻ መያዝን ይፈቅዳል፤ ፎቶ ኮፒ ግን አይፈቅድም። ለሩቅ ተመልካች ልዩነቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ማኅበሩ ግን ትእዛዙን አልተቀበለም፤ አድማውም 40 ቀን ቀጠለ።

የዚህ አቋም ምክንያት ከንቅናቄው ባሕርይ ጋር የተሳሰረ ነው። አንደኛ፣ አብዛኞቹ አባላት ማንበብ ስለማይችሉ ቢሮ ገብቶ ሰነድ ማየት ለእነርሱ ትርጉም የለውም፤ ሰነዱ ወደ መንደሩ መጥቶ ሊነበብላቸው ይገባል። ሁለተኛ፣ በእጅ የተገለበጠ ማስታወሻ ክርክር ሲነሣ «አንተው የጻፍከው ነው» ተብሎ ይጣላል፤ የተረጋገጠ ኮፒ ግን የመንግሥት ሰነድ ሆኖ ለክስም ለማስረጃነትም ያገለግላል። ሦስተኛ፣ ኮፒው ከወጣ በኋላ ዋናውን መዝገብ መለወጥ ወይም መሰወር ራሱ ማስረጃ ይሆናል። በአጭሩ፣ መመልከት መብቱን በባለሥልጣኑ ቢሮ ውስጥ ያስቀረዋል፤ መያዝ ግን ወደ አደባባይ ያወጣዋል። መንግሥቱ የመጀመሪያውን ፈቅዶ ሁለተኛውን መከልከሉ ይህን ልዩነት በሚገባ ተረድቶት እንደነበር ያመለክታል።

የቤያዋር አድማ ጥያቄውን ከገጠር ወደ ከተማ አሻገረው። የከተማዋ ነዋሪዎች አትክልት፣ ወተትና ውኃ ያዋጡ ጀመር፤ የሠራተኛ ማኅበራትም ድጋፋቸውን ሰጡ። እንደ ኒኪል ቻክራቫርቲና ኩልዲፕ ናያር ያሉ ታዋቂ ጋዜጠኞች ወደ ስፍራው መጡ፤ የጃንሳታ ጋዜጣ አዘጋጅ ፕራባሽ ጆሺም ስለ ንቅናቄው ጻፉ። «ገንዘቡ የእኛ፣ ሂሳቡም የእኛ» የሚል ትርጉም ያለው መፈክር የታወቀውም በዚህ ጊዜ ነው። እስከ 4ኛ ክፍል ብቻ የተማሩ አንዲት የማኅበሩ አባል መረጃ ለምን እንደሚፈልጉ በተጠየቁ ጊዜ የሰጡት መልስ በንቅናቄው ታሪክ ደጋግሞ ይነሣል። ፍሬ ነገሩ ልጄን 10 ሩፒ ሰጥቼ ገበያ ብልከው ሲመለስ ሂሳብ እጠይቀዋለሁ፤ መንግሥት በእኔ ስም እጅግ ብዙ ገንዘብ ሲያወጣ እንዴት ሂሳብ አልጠይቅም የሚል ነበር። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1975 በራጅ ናራይን ጉዳይ የሕዝብን የማወቅ መብት በሕግ ቋንቋ አብራርቶት ነበር። እኚህ ሴት ያንኑ መርሕ በቤት ውስጥ ሂሳብ አስረዱት።

አድማው ኮሚቴ ይቋቋማል በሚል ቃል ቢቋረጥም ውጤቱ ዘገየ። በሜይ 1997 በዋና ከተማዋ በጃይፑር ሌላ የመቀመጥ አድማ ተጀምሮ 53 ቀን ቆየ። ፍጻሜው ያልተጠበቀ ነበር። የክፍለ ግዛቱ ምክትል ዋና ሚኒስትር በጁላይ ወር በሰጡት መግለጫ፣ የመንደር ምክር ቤቶችን ሰነዶች ኮፒ ማግኘት የሚፈቅደው ደንብ ከስድስት ወር በፊት፣ በዲሴምበር 1996፣ በመንግሥት ጋዜጣ ታትሞ መውጣቱን አስታወቁ። ሕዝቡ ለ53 ቀናት በጎዳና ላይ ተቀምጦ የጠየቀው መብት በወረቀት ላይ ነበር ማለት ነው። መረጃ የማግኘት መብትን የሚሰጠው ደንብ ራሱ መረጃ ሆኖ ለሕዝብ ሳይደርስ መቅረቱ፣ ድንጋጌ መውጣቱና መብት መከበሩ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከማንኛውም የንድፈ ሐሳብ ክርክር በላይ ያስረዳል።

ከመንደር ጥያቄ ወደ አገር አቀፍ ሕግ

ከቤያዋር አድማ በኋላ፣ በኦገስት 1996፣ ለሕዝብ የመረጃ መብት የሚሟገት አገር አቀፍ ዘመቻ ተቋቋመ። ጋዜጠኞች፣ የሕግ ባለሙያዎችና ጡረታ የወጡ ባለሥልጣናት ከገጠር ሠራተኞች ጋር በአንድ ላይ ተሰለፉ። በዳኛ ፒ. ቢ. ሳዋንት ይመራ የነበረው የሕንድ የፕሬስ ምክር ቤት ረቂቅ ሕግ በማዘጋጀት ተባበረ። ታሚል ናዱና ጎዋ በ1997፣ ራጃስታን ደግሞ በ2000 የየራሳቸውን ሕግ አወጡ።

በአገር ደረጃ የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ አልተሳካም። የ2002 የመረጃ ነጻነት ሕግ በፓርላማ ቢጸድቅም በሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሳይታወጅ ቀረ። ከ2004 ምርጫ በኋላ በመጣው መንግሥት ዘመን አሩና ሮይ የብሔራዊ አማካሪ ምክር ቤት አባል ሆነው ረቂቁ እንደገና ተነሣ። የመረጃ ማግኘት መብት ሕግ በሜይ 2005 በፓርላማ ጸድቆ ኦክቶበር 12 ቀን 2005 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ።

በሕጉ ውስጥ የራጃስታን ልምድ አሻራ በግልጽ ይታያል። ዜጋው መረጃውን የፈለገበትን ምክንያት እንዲገልጽ አይገደድም። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ፣ የሰው ሕይወት ወይም ነጻነት የሚነካ ሲሆን ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። የማመልከቻው ክፍያ በማዕከላዊው መንግሥት መሥሪያ ቤቶች 10 ሩፒ ብቻ ነው። ያለ በቂ ምክንያት የዘገየ ባለሥልጣን በቀን 250 ሩፒ፣ በድምሩ እስከ 25,000 ሩፒ ከግል ኪሱ ይቀጣል። ሰነድን መመልከት፣ ማስታወሻ መያዝና የተረጋገጠ ኮፒ መውሰድ ሦስቱም በትርጓሜው ውስጥ ተዘርዝረዋል። ለአንድ ቤያዋር አድማ ተካፋይ የመጨረሻው ቃል የ40 ቀን ትግል ፍሬ ነበር።

በዚያው ዓመት የወጣው የገጠር የሥራ ዋስትና ሕግም ከዚሁ ምንጭ ተቀድቷል። ሕጉ ለእያንዳንዱ የገጠር ቤተሰብ በዓመት 100 ቀን የሚከፈልበት ሥራ ከመደንገጉም በላይ፣ የመንደሩ ጉባኤ ሥራውን በማኅበራዊ ኦዲት እንዲመረምር በአንቀጽ 17 አዟል። የሕዝብ ሸንጎ በዚህ አኳኋን ከተቃውሞ ዘዴነት ወደ ሕግ ሥርዓት ገባ። አንድራ ፕራዴሽ በኋላ ይህን ሥራ የሚያስተባብር ራሱን የቻለ ተቋም በማቋቋም የታወቀች ክፍለ ግዛት ሆናለች።

ሕጉ የፈታውና ያልፈታው

ሕጉ የንቅናቄውን ዋና ጥያቄ መልሷል፤ ነገር ግን አንድ መሠረታዊ ነገር ለውጧል። በኮት ኪራና ሰነዱን የጠየቀው ማኅበሩ፣ ያነበበው ሕዝቡ፣ የመሰከረውም መንደሩ ነበር። በሕጉ መሠረት ግን ጠያቂው በስሙና በአድራሻው ማመልከቻ የሚያስገባ አንድ ግለሰብ ነው። መብቱ ወደ ግለሰብ ሲወርድ አደጋውም አብሮ ወደ ግለሰብ ወረደ። በጉጃራት ሕገ ወጥ የማዕድን ቁፋሮን ይከታተል የነበረው አሚት ጄትዋ በጁላይ 2010 በአህመዳባድ ከተማ በከፍተኛው ፍርድ ቤት አጠገብ በጥይት ተገደለ። መረጃ በመጠየቃቸው የተደበደቡና የተገደሉ ሌሎች ሰዎችም አሉ። ጥፋት የሚጠቁሙ ሰዎችን ለመጠበቅ በ2014 የወጣው ሕግ ለዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል መቆየቱ ችግሩን አባብሶታል።

ሁለተኛው ድክመት የተቋማቱ ነጻነት ነው። የ2005 ሕግ ይግባኝ ለሚሰሙት የመረጃ ኮሚሽነሮች የአምስት ዓመት ዘመንና የተወሰነ ደመወዝ ደንግጎ ነበር። በ2019 የተደረገው ማሻሻያ ግን የሥራ ዘመናቸውንና ደመወዛቸውን የመወሰን ሥልጣን ለማዕከላዊው መንግሥት ሰጠ። ማሻሻያውን የደገፉት ወገኖች የኮሚሽኑን ደረጃ ከምርጫ ኮሚሽን ጋር ማስተካከል ተገቢ አልነበረም ሲሉ፣ የተቃወሙት ደግሞ ተጠያቂው አካል የዳኛውን ደመወዝ እንዲቆርጥ መፍቀድ ነው ብለዋል። በ2023 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግም የግል መረጃን ምክንያት በማድረግ ሰነድ የመከልከልን በር አስፍቷል የሚል ትችት ይሰነዘርበታል። ለራጃስታን ንቅናቄ ይህ ረቂቅ የሕግ ክርክር ብቻ አይደለም። የክፍያ መዝገብ የሰዎች ስም ዝርዝር ስለሆነ፣ ስም ከተከለከለ የሞተ ሰው ሲከፈለው ሊታወቅ አይችልም።

ሦስተኛው ነጥብ መረጃና ተጠያቂነት አንድ አለመሆናቸው ነው። ሰነዱ ተነቦ ጥፋቱ ከታወቀ በኋላ ክስ የሚመሠርተውና ገንዘቡን የሚያስመልሰው ያው የመንግሥት አካል ነው። ማኅበሩ ይህን በመገንዘብ ከሌሎች ጋር በመተባበር ከዲሴምበር 2015 ጀምሮ ለ100 ቀናት በራጃስታን አውራጃዎች የተጠያቂነት ጉዞ አካሂዶ፣ ለሕዝብ አቤቱታ በጊዜ መልስ የማይሰጥ ባለሥልጣን የሚጠየቅበት ሕግ እንዲወጣ ጠይቋል። ከ«እንወቅ» ወደ «መልስ ስጡን» የተደረገው ሽግግር የመጀመሪያው ድል ያልተሟላ መሆኑን ንቅናቄው ራሱ እንደተቀበለ ያሳያል።

ማጠቃለያ

የራጃስታን ንቅናቄ ታሪክ ሦስት ነገሮችን ያስገነዝባል። የመጀመሪያው፣ የመልካም አስተዳደር ጥያቄ ጥንካሬ የሚያገኘው ከሰዎች የዕለት ኑሮ ጋር ሲያያዝ መሆኑ ነው። ሠራተኞቹ ግልጽነትን በጥቅሉ አልጠየቁም፤ የጠየቁት የሠሩበት ቀን የተመዘገበበትን ወረቀት ነው። ሁለተኛው፣ ሰነድ ብቻውን አይናገርም፤ የሚናገረው እውነቱን የሚያውቁ ሰዎች ተሰብስበው ሲያነቡት ነው። ሦስተኛው፣ መብት በሕግ ሲደነገግ የንባቡ የጋራ ባሕርይ ካልተጠበቀ ጠያቂው ብቻውን ይቀራል።

ከዚህ የሚነሣው የጥናት ጥያቄ የመረጃ ሕግ ስኬት በምን ይለካ የሚል ነው። የቀረቡ ማመልከቻዎችና የተሰጡ መልሶች ብዛት አንድ መለኪያ ነው። በኮት ኪራና የታየው ግን ሌላ መለኪያ ያቀርባል፤ ይኸውም የወጣውን ሰነድ ስንት ሰው ሰማው፣ ስንቱስ ፈርቶ ሳይሸሽግ መሰከረ የሚል ነው። ዛሬ በራጃስታን አንዳንድ መንደሮች የምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ለየሥራው የወጣው ገንዘብና የተከፈላቸው ሰዎች ዝርዝር በቀለም ተጽፎ ይታያል። ማንበብ የማይችል ሰው ግድግዳው አጠገብ ቆሞ ተማሪ ልጁን ማስነበብ ይችላል። በ1987 ምስጢር ነው ተብሎ የተከለከለው መዝገብ ይኸው ነበር።